የመካኒኩ ቆጥ

መስቀል ካለፈ ሁለተኛው ቀን ነው። ክረምቱን ሙሉ ደጅ ላይ ተኝቶ የከረመው ጉም ለቅቆ፣ ፀሐይ ከማለዳው ጀምሮ በገብሱ ማሳ ላይ ቦግ ብላለች። ይታይሽ ግን ፀሐይዋንም ማሳውንም አላየችም። ቤቷ መሃል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ሰው ትቆጥራለች። ከነገ ወዲያ የማርያም ማኅበር ተራው የእሷ ነው፤ ሃያ አራት ሰው ይመጣል። በሐሳቧ ስድስቱን መደቡ ላይ አስቀመጠች፤ አራቱን በሩ አጠገብ። አሥር ላይ ስትደርስ ቦታው አለቀባት።

ቤቱ ትንሽ ሆኖ አይደለም። የባሏ የተገኘ አባት በድንጋይ ያቆሙት፣ በደህናው ዘመን የሃምሳ ሰው ሠርግ ያስተናገደ ቤት ነው። ያጠበበው ዕቃ ነው። ከመደቡ ሥር ማዳበሪያ፣ ከጎታው ጀርባ ማዳበሪያ፣ ከበሩ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ደግሞ እስከ ጣራው ድረስ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ ተደርድሯል። የሁሉም ባለቤት ተገኘ ነው።

ተገኘ በ1983 ዓ.ም፣ ያ ሁሉ ጦር ሲበተን፣ ከሰሜን በእግሩ አገሩ የገባ ወታደር ነበር። ከስድስት ዓመት ውትድርና ይዞት የመጣው አንድ ካፖርት፣ አንድ ካቻቪቴና አንድ ፒንሳ ነው። በገባ በሳምንቱ የጎረቤቱ የፈንታ የእጅ ባትሪ አልበራ ብሎ ሰው ሁሉ ሲደበድበው አገኘና ተቀበለው። ከፍቶ፣ ድንጋዮቹን አገላብጦ መልሶ ቢከታቸው ባትሪው ቦግ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "መካኒኩ" ሆኖ ቀረ።

ይታይሽ ያገባችው በዓመቱ ነው። ስለ ማዳበሪያዎቹ በጠየቀችው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር።

"የጦር ሜዳ ዕቃ ነው። እንዳትነኪው፤ የሚፈነዳም አይጠፋውም።"

እሷም አልነካችም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቆጥ ሥር ስትወጣና ስትገባ አንገቷን ሰበር እያደረገች ነው። ማዳበሪያው በየዓመቱ ሲጨምር እንኳ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የጦር ሜዳ ዕቃ ከየት ይመጣል ብላ አልጠየቀችም። ዛሬ ግን ሃያ አራት ሰው ከፍንዳታ ይበልጥ አስፈራት። ተገኘ በርበሬና ሻማ ሊገዛ ወደ ዘመሮ ገበያ ገና ከአጥሩ እንደወጣ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ጎረቤቷን ጠጄን ተጣራች።

ጠጄ መጥረጊያዋን በትከሻዋ ተሸክማ እንደ ዘማች መጣች። ቁመተ ረጅም፣ አፏ የማያርፍ፣ ሥራ ላይ ለሁለት ሴት የምትበቃ ናት።

"ከየት እንጀምር?"

"ከራሴ ዕቃ እንጀምር፤ በኋላ አፍ አውጥቶ እንዳይናገረኝ።"

የሱፍ ልብሱን፣ ባናውንና ዝተቱን፣ አውጥተው የአጥሩ ካብ ላይ አሰጡ፤ በዱላ ሲመቱት አቧራው እንደ እብቅ ተነሣ፣ ቁንጫው በየአቅጣጫው ፈረጠጠ። ከዚያ ጓዳ ገቡ። ጠጄ ከጓዳው ጥግ አንገቱ የተሰበረ እንስራ አወጣች። ሌላም አወጣች። ሦስተኛውን ስታወጣ ቆም ብላ ይታይሽን አየቻት።

"እነዚህን ደግሞ ለምን ቀን ነው ያስቀመጥሻቸው?"

"አንዱ... ለእህል መስፈሪያ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ሦስቱም?"

"ሁለቱ ለጫጩት ውሃ መጠጫ።"

"ዶሮ የት አለሽ?"

ይታይሽ ሣቀች። ነቀዝ የበላውን የሠርጓን ሙዳይ ግን ከጠጄ እጅ ነጥቃ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ጠጄም ዐይታ እንዳላየች ሆነች። የቀረው ወጣ፤ ክዳን ያጣ ሌማት፣ ታች በኩል የተበሳ ወንፊት፣ ልጃቸው በእግሯ ከሄደች ወዲህ ማንም ያልነካው የሕፃን አንቀልባ። ሲመሽ ሊቃጠል የሚገባው ከአንድ ወገን፣ ለሰው የሚሰጠው ከሌላ ወገን ተከመረ። ጓዳው ወለሉ ታየ። ይታይሽ ወለሉን ካየችው ስንት ጊዜዋ!

"እንግዲህ ወደ ጦር ሜዳው" አለች ጠጄ ቆጡን እያየች።

"ቢፈነዳስ?"

"አሥራ አራት ዓመት ያልፈነዳ ዛሬ እኔን ጠብቆ ነው የሚፈነዳው? ያዢልኝ መሰላሉን።"

የመጀመሪያው ማዳበሪያ ሲወርድ ሁለቱም ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከውስጡ ብርጭቆ የሌለው ፋኖስ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ ፋኖስ። ቀጥሎ ሦስት ቁልፎች፣ አንድ የላምባ ምድጃ፣ ሽቦው የተንጨፈረረ ጥቁር ጃንጥላ። ከሁለተኛው ማዳበሪያ ደግሞ በቆዳ የተለበጠ ሬዲዮ፣ ሆዱ ተዘርግፎ በሲባጎ የታሰረ። ሁሉንም ደጅ ካለው ዐውደ ምድር ላይ፣ ባናው አጠገብ ፀሐይ ላይ ደረደሩት። የሚፈነዳ ነገር አልነበረም። የሚሠራም ነገር አልነበረም።

"ይሄ ሰውዬ የጦሩን ፋኖስ ሁሉ ጠራርጎ ነው እንዴ የመጣው?" አለች ይታይሽ።

ጠጄ ግን የብስኩት ቆርቆሮ ከፍታ፣ በጨርቅ ከተጠቀለሉት ሰዓቶች አንዱን ይዛ ጀርባውን ታገላብጣለች። ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

"የዱባለ ሰዓት ነው" አለች ጠጄ።

ዱባለ ወንድሟ ነበር፤ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ይታይሽ ጎንበስ ብላ አየች። የሰዓቱ ጀርባ ላይ ትንሽ መስቀል ተጭሯል።

"ይሄን መስቀል በወስፌ የጫርኩት እኔ ነኝ። ገበያ ላይ ከሌላ ሰው ሰዓት ጋር እንዳይለዋወጥበት ብዬ።" ጠጄ ድምጿ ወረደ። "ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለአንቺ ልንገርሽ። እኔና ኮከቤ የተኳረፍነው በዚህ ሰዓት ነው።"

ኮከቤ የዱባለ ሚስት ናት። ከባሏ ሞት ወዲህ ከጠጄ ጋር አይነጋገሩም፤ በማኅበሩ ላይ እንኳ አንዷ ቀኝ ስትቀመጥ አንዷ ግራ ትቀመጣለች። አገሩ ሁሉ የመሬት ነገር ነው ይል ነበር። ለካ ከቀብሩ ማግስት ኮከቤ ሰዓቱን ፈልጋ አጥታዋለች። የሟቹን ልብስ አጥባ ያጣጠፈችው ጠጄ ብቻ ነበረች። ኮከቤ "ከአንቺ በቀር ማን ገባ?" አለች፤ ጠጄ "የወንድሜ ሌባ አደረግሽኝ?" ብላ ወጣች። በዚያው ቀሩ።

ይታይሽ ክው አለች። የሌላ ሰው ሰዓት ከባሏ ቆጥ ላይ ምን ይሠራል? ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ፣ አብራው የኖረችውን ሰው የማታውቀው መሰላት። "ባሌ ሌባ ነው እንዴ?" የሚለው አሳብ በጭንቅላቷ ገብቶ አልወጣ አለ። ወደ ጠጄ ለማየትም አፈረች።

ጠጄ ሰዓቱን ጭብጧ ውስጥ ይዛ ዝም ብላለች። ጠጄ ዝም ስትል ያስፈራል።

በዚህ መሃል ፈንታ አህያውን እየነዳ ከገበያ ሲመለስ በአጥሩ በኩል አለፈ። አለፈና ቆመ። ተመለሰና አንገቱን አሾለከ።

"ዕድሜ ለንስሐ! ያቺ የኔ ሬዲዮ አይደለችም?"

"ያንተ ናት?" አለች ይታይሽ።

"እንዴታ! በሰማንያ ሰባት ለተገኘ የሰጠኋት። ሞታለች ብዬ ተዝካሯን ላወጣላት ምን ቀረኝ!"

"ለምን ሰጠኸው?"

"እንዲጠግንልኝ ነዋ! መካኒክ አይደለም እንዴ? 'የጎደላት ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቅ' አለኝ። በየዓመቱ ስጠይቀው 'እየመጣ ነው' ይለኛል። በኋላ እኔው አፈርኩና መጠየቁን ተውኩት።"

"አንተ ነህ ያፈርከው?"

"ታዲያስ! ሰው በነፃ ሊሠራልኝ እየደከመ ልጨቅጭቀው?"

ይታይሽ ሬዲዮውን አየች፣ ፋኖሶቹን አየች፣ ቁልፎቹን አየች። ትንፋሿ መለስ አለላት። የጦር ሜዳ ዕቃ የሚባለው ይሄ ነበር! የሰረቀው አይደለም፤ ሰው በገበያ መንገድ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አደራ ብሎ የሰጠው ነው። በጋቢው ሥር ሸሽጎ እያስገባ፣ ሳይሠራ፣ ሳይመልስ፣ አሥራ አምስት ዓመት የከመረው ነው። ሣቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ መጣባት።

ፈንታ ነገር የሚደብቅ ሰው አይደለም። አህያውን እዚያው አቁሞ ከገበያ የሚመለሰውን ሁሉ መጥራት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ዐውደ ምድሩ ሌላ ገበያ ሆነ። አንዱ ፋኖሱን በእጀታው ለየ፣ ሌላው ቁልፉን ከኪሱ ባወጣው መክፈቻ ሞከረ፤ መክፈቻውን ለስምንት ዓመት ተስፋ ሳይቆርጥ ይዞት ኖሯል። ቄስ ገብረ አማኑኤል በበቅሎ ሲያልፉ ጫጫታውን ሰምተው ወረዱ። ጃንጥላውን ሲያዩ አማተቡ።

"አሥር ክረምት!" አሉ። "አሥር ክረምት ሙሉ ዝናቡን በነጠላ ነው የተቀበልኩት። ተገኘ ግን 'ትንሽ ቀራት አባቴ' ይለኛል፤ እኔም እግዚአብሔር ይስጥህ እያልኩ እመርቀዋለሁ።"

ሰው ሁሉ ሣቀ። ያልሣቀችው ጠጄ ብቻ ናት።

ይታይሽ ቀና ስትል ከአጥሩ ውጭ፣ ከካቡ በላይ የባሏን ባርኔጣ አየች። ባርኔጣው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሰጠመ። ሰው ሳያያት ሹልክ ብላ ወጣች። ተገኘ የበርበሬውን ከረጢት ታቅፎ ከካቡ ሥር ተቀምጧል። ፊቱ እንደ በርበሬው ቀልቷል።

"ቆጡን ማን አወረደው?" አላት በሹክሹክታ።

"እኔ። አልፈነዳም።"

አንገቱን ደፋ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ከካቡ ወዲያ በኩል ሰው ይስቃል።

"ይታይሽ" አለ በመጨረሻ፣ "እኔ መካኒክ አይደለሁም።"

"እሱንስ ደርሼበታለሁ። ምን ነበርክ ታዲያ?"

"የጦሩ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ፤ ለሰው ስናገር እሱን አልዋሸሁም። መኪና አጣቢ ነበርኩ።" ካቻቪቴው ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን የካፖርቱን ኪስ ዳሰሰ። "ስድስት ዓመት ቆይቼ፣ ተሸንፌ፣ እግሬ ተልጦ ገባሁ። የሚያየኝ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ያቺ ባትሪ ስትበራ ግን ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ አየኝ። 'መካኒክ' አሉኝ። አይደለሁም ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ አንዱ ፋኖስ አመጣ። ፈታሁት፤ መግጠም አቃተኝ። ነገ እሞክረዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ሌላ ዕቃ ይዞ ይመጣል።"

ይታይሽ ልትቆጣው ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ከአፏ ጠፋ። በክረምት ሌሊት ቆጥ ላይ ወጥቶ ሲንጎዳጎድ ትሰማው የነበረው ትዝ አላት። የጦር ሜዳውን የሚያስታውስ ይመስላት ነበር።

"የዱባለስ ሰዓት?"

"ከመታመሙ በፊት የሰጠኝ ነው። ለቀብሩ ስሄድ በኪሴ ይዤው ነበር። ኮከቤ ፊቷን ስትነጭ አየሁ፤ የተፈታታ ሰዓት እንዴት ብዬ እጇ ላይ ላኑር? ከአርባው በኋላ እላለሁ፣ ከሰማንያው በኋላ እላለሁ... ከዚያ ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?"

"ጠጄና ኮከቤ ስምንት ዓመት የተኳረፉት በዚያ ሰዓት ነው።"

ተገኘ ቀና ብሎ አያት። እንዳላወቀ ከዐይኑ ተረዳች። ከዚያ የበርበሬውን ከረጢት እጇ ላይ አኖረና ተነሣ። ከካቡ ጫፍ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገ፤ በበሩ ገባ። ይታይሽ ሮጣ ተከተለችው።

ሰው ሲያየው ሣቁን ቆረጠ። ተገኘ በፋኖሶቹ መሃል አልፎ ጠጄ ፊት ተንበረከከ።

"ጠጄ፣ ዱባለ በእጁ ለጥገና የሰጠኝ ነው። አፍሬ ሳልመልሰው ቀረሁ። በአንቺ ላይ የመጣውን አላወቅሁም። ማሪኝ።" ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ፤ ድንጋዩ እንዳይወድቅ በሁለት እጁ ደግፎ። "እናንተም ማሩኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። መኪና አጣቢ ነበርኩ። የማንንም ዕቃ መሥራት አልችልም።"

ፈንታ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"የኔን ባትሪስ እንዴት አበራሃት?"

"ድንጋዩን ገልብጠህ ከተኸው ነበር እኮ!"

መጀመሪያ የሣቁት ቄስ ገብረ አማኑኤል ናቸው። ሣቃቸው ጃንጥላውን አንቀጠቀጠው። ቀጥሎ ፈንታ ጉልበቱን እየመታ ሣቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ጠጄ ግን ቆማ ተገኘን ቁልቁል ታየዋለች። ጠጄ ብትሰድበው ትክክል ናት፣ ብትረግመውም ትክክል ናት።

"ድንጋዩን አውርድ" አለች ጠጄ። "ደግሞ የካቡን ራስ ነው ያነሣኸው፤ በጎቹ ይወጡባችኋል።" ሰዓቱን እጁ ላይ አኖረችለት። "እኔ ምሬሃለሁ። ግን ይሄን ለእኔ አትንገረኝ። ሂድና ለእሷ ንገራት።"

ይታይሽ፣ ተገኘና ቄስ ገብረ አማኑኤል ቁልቁለቱን ወርደው ኮከቤ ቤት ደረሱ። ኮከቤም እንደ አገሩ ሴት ሁሉ የክረምቱን ጥቀርሻ እያራገፈች ነበር፤ እስከ ክርኗ ድረስ እበትና ጭቃ ተለውሳ ግድግዳዋን ትለቀልቃለች። ቄሱን ስታይ ለመሳለም ጎንበስ አለች፣ እጇን አይታ ቀና አለች።

"ምነው አባቴ፣ በደኅና?"

"በደኅና ነው ልጄ። ተገኘ የሚነግርሽ አለው።"

ተገኘ ነገራት። ሁለት ጊዜ ቃሉ ተሰበረበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ይታይሽ ጀርባውን ነካ አድርጋ አስቀጠለችው። ሰዓቱን ሲዘረጋላት ኮከቤ ልትቀበለው እጇን ዘርግታ መለሰችው። በጭቃ እጇ የባሏን ሰዓት አልነካችም። ዝም ብላ አየችው። እንባዋ ወረደ፤ የምትጠርግበት ንጹሕ ጣት አልነበራትም።

"ሌባ ብያታለሁ እኮ" አለች። "ከወንድሟ መቃብር መልስ፣ አፌን ሞልቼ ሌባ ብያታለሁ።"

ኮከቤ በሩን አልዘጋችም፣ እጇን አልታጠበችም፤ ቀሚሷን እንደ ሰበሰበች ዳገቱን ተያያዘችው። ቄሱ በበቅሏቸው እንኳ አልደረሱባትም። ይታይሽ እያለከለከች ከኋላ ስትደርስ፣ ኮከቤ ዐውደ ምድሩ መሃል ጠጄ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል፣ ጠጄ ደግሞ እንዳትወድቅ በብብቷ ስታነሣት ነበር። ተቃቀፉ። ሁለቱም አለቀሱ። የሚናገሩት አንዱም ቃል አይሰማም፤ አንዷ ሌላዋ ትከሻ ላይ ነው የምታወራው።

ሲላቀቁ የጠጄ የመስቀል አዲስ ቀሚስ ጀርባው ላይ አሥር የእበት ጣት ታትሞበታል።

"ኮከቤ!" አለች ጠጄ አንገቷን ጠምዝዛ እያየች። "ስምንት ዓመት የጠበቅሽው ይቺን ቀሚስ እስክገዛ ነው?"

ኮከቤ እያለቀሰች ሣቀች። ይታይሽ ለማኅበሩ ከጠመቀችው ጠላ ቀድታ አመጣች፤ ማኅበርተኛው ሳይቀምሰው ጋኑ ተከፈተ፤ ግን ማን ይቆጣታል? ቄሱ ባርከው ቆመው ጠጡ።

ዕቃውን ሁሉ ባለቤቱ ባለቤቱ ይዞት ሄደ። ማንም ተገኘን አልወቀሰውም፤ ብቻ በየመንገዱ "መካኒኩ" ሲሉት ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፃቸው ውስጥ ሣቅ አለ፤ እሱም አብሮ ይስቃል። በማግስቱ ይታይሽና ሁለቱ ሴቶች ግድግዳውን ለቀለቁ፣ ተገኘ ቆጡን ጠርጎ ጥቀርሻውን አራገፈ። ቤቱ ውስጥ ሲያወሩ ድምፃቸው ያስተጋባ ነበር።

በሃያ አንድ ማርያም ሃያ አራቱም መጡ፤ ሃያ አራቱም ተቀመጡ፤ ለተጨማሪ ሦስት እንግዳም ቦታ ተረፈ። ጠጄና ኮከቤ አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ሆነው፣ ስምንት ዓመት ያልተወራውን በአንድ ቀን ሊጨርሱ ይመስል፣ ጸሎቱ ላይ እንኳ ሲያንሾካሹኩ ቄስ ገብረ አማኑኤል ሁለት ጊዜ ገላመጧቸው። ተገኘ ወገቡን ታጥቆ ጠላ ሲያሳልፍ ነበር። ቀልጠፍ ብሎ፣ ቀና ብሎ ይሄዳል። ይታይሽ ባሏ እንዲህ ረጅም መሆኑን ልብ ያለችው ያን ዕለት ነው።

ጥቅምት ገብቶ ውርጩ በጀመረ ሰሞን፣ ወሬው ያልደረሰው አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ቀበሌ የላምባ ምድጃ ተሸክመው መጡ። ይታይሽ በሩ አጠገብ ገብስ ስታበጥር ነበር፤ ሰፌዷን ሳታቆም ጆሮዋን አቀናች።

"የመካኒኩ ቤት እዚህ ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"እዚህ ነው አባቴ" አለ ተገኘ። "ግን መሥራት አልችልም። ይግቡ፤ ሩቅ ነው የመጡት፣ ጠላ ቀምሰው ይሄዳሉ።"